ደምሴ ጡረታ የወጣ ዕለት

የባለቤቴ የደምሴ ሙት ዓመት ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አውሮራ፣ ሃቫና መንገድ ላይ ካለው የሐበሻ ሱቅ ገብቼ ሽሮ ሳማርጥ አንዲት ሴትዮ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ነጭ ሻርፕ የጠመጠመች፣ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ የምትል፣ አማርኛዋ የአስመራ ለዛ ያለው ሴት ናት። «የጋሽ ደምሴ ባለቤት አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። ነኝ አልኳት፤ ቀጥሎ የሚመጣውንም የማውቅ መስሎኝ ነበር። ደምሴ ፀጉሩን ሽበት እስኪወርሰው ድረስ የዴንቨርን የኮልፋክስ ጎዳና አውቶቡስ ስለነዳ፣ በዚህ ከተማ እሱ ያላሳፈረው ሐበሻ የለም። ከሞተ ወዲህ ሱቅ በገባሁ ቁጥር አንዱ ያስቆመኝና በረዶ እየጣለ ቆሞ እንደጠበቀው፣ ሳንቲም ሲጎድለው እንዲያው ግባ እንዳለው ይተርክልኛል። እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ አዳምጣለሁ፤ ቅርጫቴ ውስጥ ያለው ሥጋ ደሙን እያንጠባጠበ ይጠብቀኛል።

ይህቺ ግን ሌላ ነገር ይዛ ነበር የመጣችው። ስሟ ለተብርሃን እንደሚባል፣ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ እያጠበች ስትኖር በደምሴ አውቶቡስ ትመላለስ እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ እስካሁን ሰላም የለኝም። የእህታቸውን ሞት የነገርኳቸው እኔ ነኝ» አለች።

«መቼ?» አልኳት።

«የመጨረሻ ቀናቸው ነዋ። ጡረታ የወጡ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ። የሚያውቁ መስሎኝ እኮ ነው።»

ሽሮውን መደርደሪያው ላይ መለስኩት። ሴትዮዋ ምን እንደወሰደችብኝ ለማስረዳት ብዙ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

እኔና ደምሴ ዴንቨር ስንገባ የተከራየነው ካፒቶል ሂል ነበር፣ ከኮልፋክስ አንድ መታጠፊያ ገባ ብሎ፣ ደረጃው የድመት ሽንት የሚሸት ሕንፃ ላይ። ኪራዩ ሁለት መቶ አርባ ዶላር ነበር፣ ማሞቂያውን ጨምሮ፤ ማሞቂያው ማጥፊያ ስላልነበረው በጥር ብርድ መስኮት ከፍተን በካናቴራ እንቀመጥ ነበር። ማዕዘኑ ላይ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነበረ፤ ከጎኑ በአንድ ዶላር ዶናትና ቡና የሚሸጥ ሰውዬ፤ ከሱ ማዶ ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች ልብስ የሚጥሉበት የሰልባጅ ሱቅ። የደምሴን የመጀመሪያ ካፖርት ከዚያ ነው በአራት ዶላር የገዛሁለት፤ ግራጫ ሆኖ አንገቱ ላይ ጥቁር ከፋይ ያለው፣ ኪሱ ውስጥ የሌላ ሰው የሲኒማ ቲኬት ቁራጭ የነበረበት። ያን ጊዜ የወንድ ሱሪ ሰፊ ነበር፤ የኔ ቀሚስ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ነበረው። ከጎረቤት በተዋስነው ቴፕ ካሴት እንሰማለን፤ ክሩ ሲጠመጠም በእስክሪብቶ እያዞርን እንመልሰዋለን። ከመደጋገማችን የተነሳ ዘፋኙ መሃል ላይ እንደ ሰካራም ድምፁ ይጎተት ነበር፤ እኛም እንደዚያው እየጎተትን እንዘፍነው ነበር። ባለፈው በዚያ ሳልፍ ሕንፃው ታድሶ በሩ መስታወት ሆኗል። የአንድ ክፍል ኪራይ ስንት እንደሆነ ጠይቄ የምታከራየው ልጅ ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ስቄ ወጣሁ።

ደምሴ አውቶቡስ ነጂ የሆነው እዚያ ቤት ሳለን ነው። ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ፣ መጀመሪያ ላይ ክራባትም ነበረው፤ ክራባቱን በኋላ አስቀሩት፣ እሱ ግን ለብዙ ጊዜ ማሰሩን አልተወም። ሸሚዙን የምተኩሰው እኔ ነበርኩ፤ የእጅጌው እጥፋት እንደ ቢላ ካልቆመ አይለብሰውም። በአውቶቡስ ሥራ ሁሉም ነገር በቆይታ ነው። መስመር የሚመርጠው፣ የዕረፍት ቀን የሚመርጠው፣ ፈቃድ የሚወጣው ቀድሞ የገባ ነው፤ አዲስ ሰው የሚደርሰው ሌላው የተወው ነው። ስለዚህ የፋሲካን በዓል ለብዙ ዓመታት ያሳለፈው ሰካራሞችን ከኮልፋክስ እያነሳ ነው። ከዚያ ቆይታው ጨመረና መምረጥ የሚችልበት ጊዜ መጣ። ያን ጊዜ ደግሞ ትርፍ ሰዓት መረጠ። አንድ ልጃችን ሊያ ተወልዳ ያላሰብነውን ያህል ወጪ ይዛብን መጣች፤ ወደ አውሮራ ቤት ገዝተን ወጣን፤ ፈቃዱ ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። ሰዎች ደምሴን ደግ ይሉታል። ለአውቶቡሱ ደግ ነበር።

ታላቅ እህቱ እትዬ ዘነበች ናዝሬት ነበረች። እናታቸው ስትሞት ደምሴን ያሳደገችው እሷ ናት፤ ባል ሳታገባ የቀረችውም በሱ ምክንያት ነው ይባል ነበር፣ እሷም ይህን ከማስታወስ ወደ ኋላ አትልም። ስልክ ሲደውልላት ሰላምታ አታበዛም።

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«ለፋሲካ ነው እታለም።»

«የትኛው ፋሲካ?»

ይስቃል። በኋላ በኋላ፣ «ጡረታ ስወጣ መጥቼ ስድስት ወር ነው የምቀመጠው፣ ትሰለቺኛለሽ» ማለት ጀመረ። እሷም፣ «እኔ ጡረታህን እጠብቃለሁ፤ ሞት እንዲጠብቀኝ ግን አንተ ለምንልኝ» ትለው ነበር። ጡረታው ሲቃረብ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጠ። ሻንጣውን ሳሎን መሃል ዘርግቶ በየቀኑ አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ የጉልበት ቅባት፣ ሹራብ፣ ባትሪ። እኔ እየተደናቀፍኩበት እራገማለሁ።

አሁን ስለ በላይ ልናገር። በላይ የደምሴ የልብ ጓደኛ ነው፤ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ያንን የዕቃ ማንሻ መኪና፣ እየነዳ ነው ዕድሜውን የጨረሰው፣ እውነተኛ ሥራው ግን መርዶ ነው። በእኛ ዘንድ የሞት ወሬ በስልክ ወይም በመንገድ ላይ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ለሥራ ሳይወጣ በማለዳ ቤቱ ይኬዳል፣ ተቀምጦ፣ በሰው ተከቦ ይረዳል። በዴንቨርና በአውሮራ ይህን አሳምሮ የሚያደርገው በላይ ነው። ድምፁ ለዚህ የተሠራ ነው። በዚህ ምክንያት ጠዋት ስልኩ ላይ የበላይን ስም ያየ ሰው ከማንሳቱ በፊት ወንበር ይፈልጋል። ለልጅ ልደት ሊጠራን ሲደውል እንኳ «ደህና ነው፣ ደህና ነው፣ ማንም አልሞተም» ብሎ ነው የሚጀምረው። አንድ ጊዜ የልጁን የሰርግ ጥሪ ሊያደርስ በጠዋት ሄዶ በር ሲያንኳኳ፣ የከፈተችው ሴትዮ ገና ስታየው ጮኻ ወድቃ እጇን ወለም ብሏታል።

ደምሴ ጡረታ ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት እትዬ ዘነበች ሞተች። ወሬው እንደ ልማዱ በላይ ጋ መጣ። በላይና ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መከሩ። ድግሱ ቅዳሜ ነው፤ አዳራሹ ተከፍሎበታል፣ በሬው ታርዷል፣ ሰውዬው ዕድሜ ልኩን የለፋበት ቀን ነው። ስለዚህ ድግሱ ይለፍለትና እሑድ ማለዳ እናርዳው አሉ። ለእኔም እንዳይነገር ተስማሙ። «ጥሩዬ ፊቷ አይችልም» አለ በላይ። እውነቱን ነው፣ አይችልም። ከዚያ ወሬው ለጠራነው ሰው ሁሉ ደረሰ፤ በአዳራሹ ድንገት ደምሴን እግዜር ያጥናህ የሚለው እንዳይኖር፣ ሁሉም እንዲያውቅና ሁሉም እንዲደብቅ ተደረገ።

አዳራሹ ሎውሪ ውስጥ ነበር፣ ከድሮው የአየር ኃይል ሰፈር የተረፈ ትልቅ ቤት። ያን ዕለት ጥለቱ ቀይ የሆነ የሐበሻ ቀሚስ ለብሼ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ አለቃው በአውቶቡስ ቅርጽ የተሠራ ኬክ ይዞ መጣ፣ የደምሴን እጅ ጨበጠ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ወጡን ቀምሶ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሄደ። ደምሴ ራሱ ከመጨረሻ ፈረቃው የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ያውም የሥራ ልብሱን እንደለበሰ።

«ሱፉን መኪና ውስጥ አስቀምጬልህ የለም እንዴ? ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«በዚሁ ልጨርሰው» አለኝ።

ሥራውን ወዶ መስሎኝ አንጀቴን በላው። ከዚያ ጨፈረ። ደምሴ የሚጨፍር ሰው አልነበረም፤ በሰርጋችን ዕለት እንኳ ዘመዶቼ ጎትተው ነው ያስነሱት። ያን ዕለት ግን በዚያ ሰማያዊ ሹራብ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ አዳራሹን ዞረ። እኔ በደስታ ሰክሬ ማይክሮፎኑን ቀማሁና፣ «እትዬ ዘነበች፣ ስሚኝ! ሻንጣው ሞልቷል! ወንድምሽን ላስረክብሽ ነው! እስቲ እልል በሉላት!» ብዬ ጮህኩ። እልል ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ማይክሮፎኑ የተበላሸ መስሎኝ በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። ኋላ የበላይ ሚስት እታገኝ ከጥግ ቀጠን ያለች እልልታ አሰማች፣ ሌሎቹም ተከተሏት።

ደምሴ ማይክሮፎኑን ከእጄ ወሰደ።

«በላይ፣ ና እስቲ ወዲህ። ለእህቴ ምን ታስይዘኛለህ?»

በላይ ላብ በላብ ሆኖ፣ «የፈለግከውን» አለ።

«አይ፣ አንተ ንገረኝ። ሰው ይስማ።»

«ጫማ።»

«ምን ዓይነት ጫማ?»

«ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን።»

«ቁጥሯን ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ሠላሳ ሰባት ነው። ግን እግሯ ያብጣል፣ ሰፋ ያለ ፈልግ። ተረከዙ አጭር ይሁን፣ እንዳትወድቅብኝ።»

ሰው ሳቀ። እንዲያ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ ሰው ሲያስለው የሚወጣ ዓይነት ነበር። ደምሴ ቀጠለ። እታገኝን ጠርቶ ነጠላ ቃል አስገባት። የዕድሩን ሊቀ መንበር መነጽር፣ አንዱን ሽማግሌ ከዘራ ቃል አስገባ፤ ከዘራውን በየትኛው እጅ እንደምትይዘው ሳይቀር አስረዳው። እያንዳንዱ በማይክሮፎን ቃሉን ሰጠ። እኔ ጎኔን ይዤ እስቅ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ በላይና ሽማግሌዎቹ መጡ። ደምሴ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የጠዋት ፈረቃ ልማዱ አልለቅ ብሎት ነው አልኩ። በላይ አፉን ከመክፈቱ በፊት ደምሴ፣ «ግቡ፣ አረፍ በሉ» አላቸው። ከዚያ እንደሚገባ አለቀሰ። እኔ ግን ከልቅሶው ይልቅ ንዴቱ ገደለኝ። በላይን ከቤቴ ውጣ አልኩት፤ እታገኝን ለረጅም ጊዜ አላናገርኳትም። ሊያ ያን ጊዜ ኮሌጅ ነበረች፤ ደውዬ ስነግራት፣ «እማዬ፣ ዚስ ኢዝ ክሬዚ! ከተማው ሁሉ እያወቀ ዳዲን አስጨፈሩት? ሰው ለሰው እንደዚህ ያደርጋል?» ብላ ጮኸች። ደምሴ ብቻ ነው ያልተቆጣው። «ለእኔ ብለው ነው» አለ። ናዝሬት ሄዶ መቃብሯ ላይ ቆሞ መጣ፤ ስድስት ወር እቀመጣለሁ ያለው ሰው አርባዋ እንኳ ሳይሞላ ተመለሰ። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አረጀ፣ ታመመ፣ እኔ እጁን እንደያዝኩ ሆስፒታል ሞተ።

ከሞተ በኋላ ሰው ስለ ደግነቱ ሲያወራልኝ የማስበው ሌላ ነበር። ቢያንስ አንድ ምሽት ነበረችው እል ነበር። ሥራው አልቆ፣ ሐዘኑ ሳይደርስበት፣ በሁለቱ መካከል አንዲት ምሽት ምንም ሳያውቅ ጨፍሯል። ለበላይም ይቅርታ ያደረግሁለት በዚች ምክንያት ነው። የቀረችኝ እሷ ነበረች።

ለተብርሃን ይህን አታውቅም፤ ቅርጫቷን ይዛ መናገሯን ቀጠለች። ጎረቤቷ ነግራት ስለ እትዬ ዘነበች ሰምታ ነበር፤ ድግሱ ላይ ስላልተጠራች እንዲደበቅ የነገራት የለም። አውቶቡሱ ላይ ወጥታ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ስለ እህትዎ ሰማሁ» አለችው።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«መጀመሪያ የአውቶቡሱን በር ዘጉ። ከዚያ መቼ ነው አሉኝ። በዚህ ሳምንት ነው አልኳቸው። ሰው ያውቃል ወይ አሉኝ። ኧረ ሁሉም ያውቃል አልኳቸው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ ልሙት! አልቅሼ እጃቸውን ልይዝ ስል፣ ይቀመጡ፣ አውቶቡሱ እየሄደ አይቆምም አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ነዱ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ። ለሚወርደው ሁሉ መልካም ቀን እያሉ።»

ስለዚህ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከሱቁ ቀጥታ በላይ ቤት ሄድኩ። በአውቶቡስ ስሄድ ያሰብኩት ደህና ነገር ነበር፤ የደከምኩበት ድግስ እንዳይበላሽብኝ ለእኔ ብሎ ነው የቻለው እያልኩ ልቤ ሞቆ ነበር የደረስኩት። በላይ አሁን በምርኩዝ ነው የሚሄደው። የሰማሁትን ስነግረው ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«ጫማውን ገዝቼው ነበርኮ» አለ። «ከለቅሶው በኋላ። ሠላሳ ሰባት፣ ሰፊ። ለምን እንደገዛሁት እኔም አላውቅም፤ ቃል ገብቼ ነበር።»

«በላይ፣» አልኩት፣ «ከእንግዲህ እኔን የሚመለከት መርዶ ካለ በስልክ ንገረኝ። ዕቃ እያጠብኩም ቢሆን። ቀን አትምረጥልኝ።»

ሻይ ትቀዳልኝ የነበረችው እታገኝ እጇ ቆመ። ያየችው እኔን አልነበረም፣ እሱን ነው።

«ማነው?» አልኩ።

«ኧረ ምንም የለም ጥሩዬ፣ ሻይሽን ጠጪ» አለች እታገኝ።

«በላይ፣ ማነው አልኩህ።»

«ሙት ዓመቱ ይለፍላት ብለን ነው» አለ።

«ማነው?»

«ጌታቸው።»

ጌታቸው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሐዋሳ ነው የሚኖረው። እሑድ እሑድ ይደውልልኛል። ሰሞኑን ሳይደውል ሲቀር ሊያ ስልኩ ተበላሽቶበት ነው ብላኝ ነበር። ሊያም ታውቃለች ማለት ነው ብዬ ጠየቅሁ። በላይ ያንን የመርዶ ድምፁን ፈልጎ አጣው።

«ሊያ ናት ሙት ዓመቱ እስኪያልፍ፣ እስከ ቅዳሜ ይቆይ ያለችው» አለኝ።

አላለቀስኩም። ሻዩን ጠጣሁ። ከዚያ፣ «እኔ ዛሬ እዚህ አልመጣሁም፣ ምንም አልሰማሁም። ለሊያ ትንፍሽ እንዳትሉ። አንተ ይህን ታውቅበታለህ» አልኩት። በላይ እሺ አለ፤ እምቢ ሊል አይችልም።

ቤት ስደርስ ሊያ ለሙት ዓመቱ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ መጥታ፣ የወረቀት ሳህኖችን ጠረጴዛው ላይ ትደረድር ነበር። «ሃይ እማዬ! የት ጠፋሽ?» ብላ ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ ቆሜ አየሁት። ልጄ ከአባቷ ሞት ወዲህ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ አጎቷን ደግሞ ትወደው ነበር። ልትሸሽግልኝ ፊቷን በሁለት እጅ የያዘችው ይመስል ነበር። አቅፌያት ሁሉንም አውቄያለሁ፣ ተይው ልላት እችል ነበር። እዚያ ቆሜ ሳለሁ ደምሴ ማይክሮፎኑን ይዞ ምን ይሰማው እንደነበር ገባኝ። ለእኔ ብሎ ነው ብዬ በአውቶቡስ ውስጥ ያሰብኩት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ሰዎች ሊያዝኑልህ ተዘጋጅተው፣ አንተ ግን ቀድመሃቸው ስታያቸው፣ ውስጥህ የሚገባ አንድ ቀዝቃዛ ነገር አለ፤ ይጣፍጣል።

«ጌታቸው ለቅዳሜው ይደውል ይሆን?» አልኳት።

እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ። «ኦፍ ኮርስ እማዬ። ይደውላል።»

«ስልኩ ተሠራለት?»

«የስ፣ ተሠርቶለታል መሰለኝ።»

«ሲደውል አንቺንም አገናኝሻለሁ። ምን ትይዋለሽ?»

ፊቷን ወደ ፍሪጁ አዞረች። ውሃ ልትጠጣ መስላ በሩን ከፍታ ቆየች።

«አይ ላቭ ዩ እለዋለሁ» አለች።

«ጎሽ፣» አልኳት፣ «ጮክ ብለሽ በይው፤ ጆሮው ደከም ብሏል።»